አንደኛ የወጣንበት ዓመት

ከተማችን ዳገት ላይ ናት። ዳገትነቷ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ቢሆንም እኛ ለብዙ ዓመት ስንቀጣበት ኖረናል።

በአገራችን አምስት ከተሞች አሉ። ክረምቱ ሲወጣ የከተሞች ሸንጎ ይሰበሰብና የአምስቱን አውቶብሶች በአንድ ዓይነት መለኪያ ያወዳድራል። አውቶብሱ ምን ያህል ይፈጥናል፣ በሰዓቱ ይደርሳል ወይ፣ ወንበሩ ይሞላል ወይ፣ ሰው ፌርማታ ላይ ቆሞ ምን ያህል ይጠብቃል። ሐሳቡን መጀመሪያ ያመጡት ሰዎች ክፋት አልነበረባቸውም ይባላል፤ አንዱ ከተማ ከሌላው እንዲማር ብለው ነው። እያደር ግን መጨረሻ የወጣው ከተማ ሹማምንት በሸንጎው ላይ መሬት እንዲቀመጡ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ መማሩ ቀረና መሸሹ ሆነ።

የኛዎቹ መሬቱን ለምደውት ነበር። እንዲያውም ከቤታቸው ምንጣፍ ይዘው ይሄዱ ነበር።

የላይ ሰፈርን አውቶብስ የምትነዳው ደብሪቱ ትባላለች። ደልደል ያለች፣ ድምፅዋ ከሞተሩ በላይ የሚሰማ ሴት ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ከመኪና ሌላ የምትወደው ነገር አልነበረም። እጁን ያነሳ ሁሉ ይሳፈራል፤ የላይ ሰፈር ሸክላ ሠሪዎች እንስራቸውንና ድስታቸውን አንድ በአንድ እስኪጭኑ ትጠብቃለች። ታዲያ ደግ ናት ማለት አይደለም። ወንበር ይዞ አረጋዊ ሲቆም አይቶ በመስኮት የሚያይ ጎረምሳ ካገኘች፣ "አንተ! ጉልበትህ ለኳስ ብቻ ነው እንዴ?" ትለውና ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል።

ከተሳፋሪዎቿ ሁሉ ነገር የሚፈልጓት አቶ ቀጸላ ነበሩ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ አንድ እግራቸው ላይ የማይደርቅ ቁስል ስላለባቸው ታች ወዳለው ጤና ጣቢያ ለማስጠረግ ይመላለሳሉ። እንደተሳፈሩ ከኋላዋ ይቀመጡና ይጀምራሉ።

"አንቺ ልጅ፣ አውቶብስ ነው የምትነጂው ወይስ እንቁላል ተሸክመሻል?"

"እርስዎን ነው የተሸከምኩት። ከእንቁላል በምን ይሻላሉ?"

አቶ ቀጸላ ይስቃሉ። ሲወርዱ፣ "ነገም ያንኑ እንቁላልሽን ይዘሽ ነይ" ይሏታል።

እንዲህ እያለን አዲስ የጉዞ አለቃ ተሾመልን። አቶ ልሳነወርቅ ይባላሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ልብሳቸው ሁልጊዜ ፅድት ያለ፣ ንግግራቸው ማር የሆነ ሰው ናቸው። በተሾሙ በሳምንቱ ሸንጎ ሄደው ሁለት ቀን ሙሉ መሬት ተቀመጡ። ሲመለሱ ሾፌሮችን ሰበሰቡ።

"አውቶብሶቻችንን የሚያዘገያቸው ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ።

አንዱ ዳገቱ ነው አለ። ሌላው ሞተሩ አርጅቷል አለ። አቶ ልሳነወርቅ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ተሳፋሪው ነው" አሉ።

አቶ ልሳነወርቅ በእርጋታ አስረዱ። አውቶብስ ለመሳፈሪያ ይቆማል፣ ለመውረጃ ይቆማል፤ የሚቆም ነገር ደግሞ አይፈጥንም። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ከመነሻው እስከ መድረሻው መቆም የለም።

ደብሪቱ እጇን አነሳች። "ሰው ካልጫንን ምን ልንሠራ ነው የምንሄደው?"

"ልንደርስ ነዋ።"

"ማን ነው የሚደርሰው?"

"አውቶብሱ" አሉ አቶ ልሳነወርቅ። ጥያቄው ገርሟቸው ነበር።

ሰኞ አውቶብሶቹ ሳይቆሙ ዋሉ። በእውነትም ፈጠኑ። በሰዓታቸውም ደረሱ፤ ምን ያዘገያቸዋል? ነገር ግን ሦስተኛው መለኪያ አለ፤ ወንበሩ ባዶ ሆነ። ለዚህም መላ አልጠፋም። መነሻው ላይ ጠዋት ተሳፍረው ሲመሽ እዚያው የሚወርዱ ሰዎች ተቀጠሩ። "ቋሚ ተሳፋሪ" ተባሉ። ቋሚ ይባሉ እንጂ የሚቀመጡት እነሱ ብቻ ነበሩ። ፀጉራቸውን ተበጥረው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ይመጣሉ፤ ሲነጋ ወጥተው ሲመሽ የወጡበት ይመለሳሉ። በጉዞው ረክታችኋል ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ "እጅግ በጣም" ይላሉ። ሥራው ተወዳጅ ስለነበር ለማግኘት ዘመድ ያስፈልግ ነበር።

የቀረው አራተኛው ነበር፤ ፌርማታ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው። እዚህ ላይ አቶ ልሳነወርቅ አንድ ሌሊት ሳይተኙ አደሩ ይባላል። ጠዋት ላይ መልሱን አገኙት። የሚጠብቅ ማለት የቆመ ሰው ነው፤ የሚራመድ ሰው እየጠበቀ አይደለም። በየፌርማታው ዘበኛ ተመደበ። አግዳሚ ወንበሮቹ ተነቀሉ። አንድ ሰው ከቆመ ዘበኛው፣ "ይራመዱ እንጂ ጌታዬ!" ይለዋል።

እኛም ተራመድን። አውቶብስ አይቆምልንም፤ ምናልባት አንድ ቀን ይቆም ይሆናል ብለን ግን ፌርማታውን አልተውንም። ነፍሰ ጡሯም፣ እንስራ ያዘለችውም፣ የሚያስነጥሰውም ከዚህ ግንብ እስከዚያ ግንብ፣ ከዚያ እስከዚህ ይላል። መንገድ ላይ የተገናኘ ወዳጅ እየተራመደ ይሳሳማል። ሽማግሌዎች አንድ የባልና ሚስት ጠብ እንደዚሁ ወዲያ ወዲህ እያሉ አስታርቀዋል። አውቶብሱ በመካከላችን ሽው ብሎ ያልፋል። ከቋሚ ተሳፋሪዎቹ አንዷ፣ ሙናዬ የምትባል የሰፈራችን ልጅ፣ በመስኮት እናቷን ስታይ እጇን ታወዛውዝላት ነበር።

በዚያ ዓመት አንደኛ ወጣን።

ደወል ተደወለ። አቶ ልሳነወርቅ በሸንጎው ላይ ክንድ ያለው፣ ትራስ ያለው ወንበር ተሰጣቸው። ሌሎቹ አራት ከተሞች ሰው ልከው ምስጢራችንን ጠየቁ፤ እኛም እንግዳ አክባሪ ነንና ሁሉንም አሳየናቸው። ብዙም ሳይቆይ በአምስቱም ከተሞች አውቶብስ መቆም ተወ። ሸንጎው በአገሩ ታሪክ እንዲህ ያለ እድገት ታይቶ አይታወቅም አለ።

ደብሪቱ ግን ከሳች። መጀመሪያ ሰሞን ዓይኗን ከመንገዱ ላለማንሳት ሞከረች። ሰፈሩ ግን ሰፈሯ ነው፤ በወጉ ሳታይም በልብሳቸው ቀለም ትለያቸዋለች። ስታልፍ አንዳንዱ ይሰድባት ነበር፤ እሱን ቻለችው። ያልቻለችው ዝም የሚሏትን ነበር። አቶ ቀጸላ በዱላቸው እየተደገፉ፣ በሌላው ሰው ግማሽ ፍጥነት ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አንድ ቀን በአጠገባቸው ስታልፍ ድምፃቸው በተከፈተው መስኮት ገባ።

"እንቁላሉ ተሰበረ ወይ?"

ያን ዕለት ደብሪቱ ቤቷ ገብታ ራት አልበላም አለች። "ሞተሩን ስሰማው ያስጠላኝ ጀመር" አለቻት ለእህቷ። "መኪና ያስጠላኛል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም።"

ለምን ያን ጊዜውኑ አልቆመችም የሚል አለ። ሥራ ነው። ከመሪው ሌላ የምታውቀው ሥራ አልነበረም፤ የቆመ ሾፌር ደግሞ እንደሚባረር ሁሉም ያውቃል። ሌላውም ሾፌር እንደሷ ጥርሱን ነክሶ ይነዳ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ የውድድሩ ጊዜ ዳግመኛ ደረሰ። የሸንጎው መዛኞች ወደ ከተማችን መጡና ደብሪቱ አውቶብስ ላይ፣ ከፊት ባሉት ወንበሮች ተቀመጡ። ሰዓታቸውን በእጃቸው ይዘዋል። አቶ ልሳነወርቅ አጠገባቸው ናቸው፤ ሽቶ ተቀብተዋል። ከኋላ ቋሚ ተሳፋሪዎቹ እንደ ሠርግ ታዳሚ ሞልተዋል።

ላይ ሰፈር ሲደርሱ ሰው እንደ ወትሮው ከግንብ ግንብ ይላል። አቶ ቀጸላ ግን አይራመዱም። መንገዱ ዳር መሬት ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘርግተዋል፤ የእግራቸው ፋሻ ጠቁሯል። ዘበኛው ጎንበስ ብሎ በክንዳቸው ይስባቸዋል።

"ይነሱ አባቴ! መዛኞች እየመጡ ነው! ይራመዱ!"

"አልነሳም።"

"እባክዎ፣ እኔን ያባርሩኛል!"

"እየጠበቅኩ ነው" አሉ አቶ ቀጸላ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ምን ታደርገኛለህ? አውቶብስ እየጠበቅኩ ነው!"

በአካባቢው የነበረው ሰው ቀጥ አለ። እንስራ ያዘለችውም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ ሁሉም እንደ ተተከለ ቆመ።

ደብሪቱ ያየችው ይህን ነው። ፍሬኑን ረገጠችው።

ቋሚ ተሳፋሪዎቹ መቆም የሚባል ነገር ረስተው ስለነበር እርስ በርሳቸው ተላተሙ። የአንዱ መዛኝ ሰዓት ከእጁ ወድቆ ወንበር ሥር ገባ።

"ምን ሆንሽ?" አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

"ሰው አለ።"

"ሁልጊዜም እኮ አለ!"

"እሱን ነው የምልዎ" አለች ደብሪቱ።

በሩ ጠዋትና ማታ መነሻው ላይ ብቻ መከፈት ስለለመደ መንገድ ላይ እምቢ አለ። ተነስታ በእግሯ ሁለቴ መታችው። ተከፈተ። ጎረቤቶቻቸው አቶ ቀጸላን ደግፈው አሳፈሯቸው፤ ከኋላቸው ሰፈሩ ሁሉ ተከተለ። እንስራው ገባ፣ ድስቱ ገባ፣ አንድ በግም ገባ። ቋሚ ተሳፋሪዎቹ ግራ ገባቸው፤ የተቀጠሩት ሊቀመጡ ነው፣ ሰው ሲቆም ምን እንደሚደረግ የነገራቸው የለም። አንዱ ዓይኑን ጨፈነ። ሙናዬ ግን ብድግ አለች።

"እዚህ ይቀመጡ፣ አባባ ቀጸላ።"

"ሥራሽስ ልጄ?"

"ቁጭ ብዬ ደከመኝ" አለች ሙናዬ።

ደብሪቱ ከዚያ ወዲያ እስከ ታች ድረስ በየፌርማታው ቆመች። ጤና ጣቢያው በር ላይ አቶ ቀጸላ ሲወርዱ ትከሻዋን ነካ አድርገው አለፉ። ሐኪሙ ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ እግሩ ይቆረጥ ነበር ብሏቸዋል። መድረሻው ላይ መዛኞቹ ፊታቸው አመድ መስሎ ወረዱ።

ሸንጎው ለደብሪቱ መጥሪያ ላከ። የመቆም ወንጀል ነው የተባለው።

በዋዜማው አቶ ልሳነወርቅ ቤቷ ድረስ መጡ። እንደዚያ ቀለው አይታቸው አታውቅም። እህቷ ያቀረበችላቸውን ጠላ ሳይቀምሱ አጠገባቸው አስቀመጡት።

"ደብሪቱ፣ እህቴ፣ አንድ ቃል ብቻ ነው" አሉ። "ፍሬኑ በራሱ ያዘ በይ። አለቀ። አንቺ መሪሽ ላይ ትመለሻለሽ፣ ከተማችንም አንደኝነቷን አታጣም። ተነጋግሬ ጨርሻለሁ፤ የሚጠብቁት ቃልሽን ብቻ ነው።"

"ቆማ በሩንም በርግጫ ከፈተችው ብለው የለ እንዴ መዛኞቹ?"

"በሩም በራሱ ነው። አሮጌ መኪና ነው፣ ምን የማያደርገው አለ?"

ደብሪቱ፣ የሚያሳፍር አይደለም፣ ተፈትናለች። የመሪው ስሜት እጇ ላይ ነበር። ፍሬኑ ተበላሸ ከተባለ የሚጠየቀው መካኒኩ መሆኑን አቶ ልሳነወርቅ አላነሱም፤ እሷ ግን አሰበችው። መካኒኩ ያን ፍሬን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቀው።

"እኔ ብቻ አይደለሁም መሬት የምቀመጠው" አሉ አቶ ልሳነወርቅ፤ ድምፃቸው ሰለለ። "ከተማዋ ናት።"

"ከተማዋ መች ወንበር ላይ ተቀመጠች?" አለች ደብሪቱ። "ስትራመድ ነው እኮ የከረመችው።"

አቶ ልሳነወርቅ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። እምቢ አላለችም ብለው ግን ተስፋ አደረጉ።

ሸንጎው የሚቀመጠው ሜዳ ላይ ባለችው ከተማ፣ በትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነው። አምስቱ ከተሞች በየወንበራቸው ተሰይመዋል። የሸንጎው ሊቀመንበር ፂማቸውን እየዳሰሱ፣ በደግነት፣ መልሱን እንደሚያቀብል ሰው ጠየቁ።

"ልጄ፣ ያ አውቶብስ የቆመው በፍሬኑ ብልሽት እንደሆነ ሰምተናል። እውነት ነው?"

አቶ ልሳነወርቅ ከወንበራቸው ወደፊት ዘንበል አሉ።

"ፍሬኑ ደህና ነው" አለች ደብሪቱ። "እኔ ነኝ የያዝኩት።"

አዳራሹ አጉረመረመ። ሊቀመንበሩ እንዳልሰማ ሰው ጆሯቸውን አቀረቡ።

"ለምን?"

"ሰው ነበረ።"

"ምን ዓይነት ሰው?"

"ሰው ነዋ።" ምን እንደሚጨመርበት አልገባትም።

ከመዛኞቹ አንዱ ተነስቶ ከተማችን በእሷ መቆም ምክንያት በፍጥነት መጨረሻ፣ በሰዓት አክባሪነትም መጨረሻ መሆኗን አነበበ። የወንበሩ ጉዳይ ብቻ ማጣሪያ ይፈልጋል፤ ከወንበር ቁጥር በላይ ሰው ተሳፍሮ ስለተገኘ ለዚህ የሚሆን ቦታ በመለኪያው ውስጥ አልተገኘም አለ። ሊቀመንበሩ ተነፈሱ።

"ያደረግሽው ይጸጽትሻል?"

"አዎ" አለች ደብሪቱ።

አዳራሹ ሁሉ ቀለል አለው። አቶ ልሳነወርቅ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"ያን ሁሉ ጊዜ ሳልቆም ያለፍኩት ይጸጽተኛል" አለች። "ወደፊትም መሪ ብትሰጡኝ እቆማለሁ። ባትሰጡኝ የሚነዳውን ቁም እለዋለሁ። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም፤ ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ ተቀመጡ።"

ፍርዱ ብዙ ጊዜ አልወሰደም። ደብሪቱ በአምስቱም ከተሞች መሪ እንዳትጨብጥ ተባለ። ከተማችን መጨረሻ ሆነች። አቶ ልሳነወርቅ ከትራሱ ወንበር ተነስተው መሬት ሲቀመጡ ደብሪቱ አየቻቸው። ሊያዝኑባት የፈለጉ ይመስላሉ፤ ግን ሱሪያቸውን እየሰበሰቡ ስለነበር አልተመቻቸውም።

ከአዳራሹ ስትወጣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች። ይዟት የመጣው የከተማችን መኪና ሾፌር፣ አንቺን አሳፍሬ ልመለስ አልታዘዝኩም አለ። ነጠላዋን አጣፍታ የአውራ ጎዳናውን ዳር ዳር ይዛ ወደ ዳገቷ አገር ጉዞ ጀመረች። ሜዳውም ከተማ ከኛ ተምሯልና አውቶብሶቹ በአጠገቧ ሽው ሽው ይላሉ፤ ንፋሳቸው ነጠላዋን ያነሳዋል። በየፌርማታው ሕዝብ ይራመዳል። አላየቻቸውም አይባልም፤ አለቀሰች፤ ቀና ብሎ የሚያያት ስለሌለ እንባዋን አልጠረገችውም።

ከኋላዋ የፍሬን ጩኸት ሰማች። ዞር ስትል አንድ አውቶብስ ግማሽ አካሉ ከመንገዱ ወጥቶ ቆሟል። በሩ እየተንቋቋ ተከፈተ። ሾፌሩ ቀጭን፣ ሽበቱ የጀመረው ሰው ነው፤ ከዚያ በፊት ተያይተው አያውቁም።

"ግቢ" አላት።

"አትቁም ወንድሜ፣ ይቀጡሃል። የኔን ዛሬ ነው የወሰዱት።"

"አውቃለሁ። አዳራሹ በር ላይ ሆኜ ስትናገሪ ሰምቻለሁ።" መሪውን እንደጨበጠ ነው። "ግቢ፣ ሳልፈራ።"

ገባች። በአውቶብሱ ውስጥ ፀጉራቸውን የተበጠሩ፣ ጫማቸው የሚያበራ ሰዎች በሙሉ ተቀምጠዋል። ሁሉም አፍጥጠው ያዩዋታል። አንዲት ጠና ያለች ሴትዮ፣ ክፍት ሆኖ የቀረውን በር ከዚያ ደግሞ ደብሪቱን እያየች፣ በሹክሹክታ ጠየቀች።

"ቆመ እንዴ?"

"ቆመ።"

"ታዲያ መውረድም ይቻላል?"

ደብሪቱ ወደ ሾፌሩ ዞረች። ሾፌሩ በመስተዋቱ ሴትዮዋን አየ፣ ከዚያ ወደኋላ ያሉትን ሁሉ አየ።

"ይቻላል" አለ።

"እህቴ ቤት በዚህ በኩል ነው" አለች ሴትዮዋ። "ሁልጊዜ በመስኮት ነው የማየው።" ከዚያ ጎሮሮዋን ጠርጋ፣ ባቡር በሚያስቆም ድምፅ ጮኸች። "ወራጅ አለ!"

"እኔም ወራጅ ነኝ!" አለ ከኋላ ያለው። "ድልድዩ ጋ!" "እኔን ገበያው!" "ወራጅ አለ!" ሰው ሁሉ ብድግ ብድግ እያለ የሚወርድበትን ባንዴ መጥራት ጀመረ፤ አውቶብሱ በጩኸት ተናጋ፤ ሾፌሩ የቱን እንደሚሰማ ጠፋው።

ደብሪቱ ከላይ ያለውን ብረት ጨብጣ መሐል ላይ ቆመች። ድሮም ድምፅዋ ከሞተር በላይ ነው።

"ቀስ በሉ!" አለች። "ተራ በተራ! ሁላችሁም ትወርዳላችሁ።"